የተቀጠለው ገመድ

ጥፋቱ የማንም አይደለም። የግድ ጥፋተኛ ይፈለግ ከተባለ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት፤ «የሚያስቅ ነገር ንገረን» ብላ ሰውየውን የለመነችው እሷ ናትና።

ከተማው በየዓመቱ አንድ እሑድ ከጦርነት የተመለሱትን ያመሰግናል። በሙያ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወንበር ይደረደራል፣ ማይክራፎኑ እንደ ልማዱ ሲያፏጭ ሰው ጆሮውን ይይዛል፣ ከዚያ አንድ የቀድሞ ወታደር መድረክ ላይ ወጥቶ ያየውንና ያለፈበትን ያወራል። ሲጨርስ ልጆቻቸውን ካጡ ቤተሰቦች አንዱ ሁሉንም ወክሎ ያመሰግነዋል፣ ስጦታም ይሰጠዋል። ዘንድሮ ተራው የልብስ ሰፊዋ ነበር። ስጦታው ካፖርት ይሁን ያለችው እሷው ናት፤ የግድግዳ ሰዓት መስጠት የሰነፍ ሥራ ነው ባይ ነች።

ተናጋሪው ለከተማው አዲስ ሰው ነው። በመኪና ማሠልጠኛው የመንገድ ምልክት ያስተምራል። ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግራ እግሩ በጦርነቱ ተመትቶ አልታዘዝ ስላለው መሪ አያስይዙትም፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ በዘንግ እየጠቆመ «ይሄስ ምን ይላል?» ሲል ይውላል። ሁሉም አሥር አለቃ ነው የሚለው። ለካፖርቱ ሊለካ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ የመጣ ዕለት፣ ትከሻውን እየለካችው ሳለ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ይሄ መርፌ አይደለም እንዴ?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ትከሻው ላይ እንደያዘች ቆመች። መርፌ ልጇ ነው። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ቅጥነቱ ለጉድ ነበር። በፎቶው ላይ አንገቱን አቅፎት የሚስቀው ወፍራሙ ልጅ ደግሞ ሊጡ ይባላል፤ የጎረቤቷ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ነው። አብረው አደጉ፣ አብረው ተደበደቡ፣ አብረው ዘመቱ። መርፌ በሳጥን ተመለሰ። ሊጡ ግን አልተመለሰም፤ ለእናቱ «ጠፍቷል» የሚል ቃል ብቻ መጣላት።

ዳቦ ጋጋሪዋ ያንን ቃል እንደ ጥሩ ዜና ነው የያዘችው። «ጠፋ ማለት ሞተ ማለት አይደለም» ትላለች፤ ሌላ ነገር የሚል ሰው ካለ ዳቦ አትሸጥለትም። ልጇ በጨለማ ቢመጣ በሩን እንዳይስተው ብላ የበረንዳዋን አምፖል አብርታ ማደር ጀመረች። በኋላ ጠዋት ማጥፋቱንም ተወችው፣ ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ይበራል። አንዱ አምፖል ሲሞት ያኑ ዕለት በሌላ ትተካዋለች።

የመርፌን መቃብር የምትንከባከበውም እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋን ማሽን ላይ መጎበጥ ወገቧን ጎድቶታል፤ መቃብር መጥረግ አትችልም። ዳቦ ጋጋሪዋ «አንቺ የምትሄጂበት መቃብር አለሽ፣ እኔ ምን አለኝ? እንካፈል እንጂ» ብላ ሥራውን ወሰደችው። በየእሑዱ ትሄዳለች፣ ድንጋዩን ትወለውላለች፣ አበባውን ታጠጣለች፣ የሰፈሩንም ወሬ ለመርፌ ትነግረዋለች። ሐሜቱንም ሳታስቀር ነው የምትነግረው።

የመርፌ ሳጥን ሲመጣ ታሽጎ ነበር። እንዳይከፈት ትእዛዝ አለ ተባለ። ርክክቡ የተደረገበት ክፍል ውስጥ ከመኮንኑ ሌላ የነበሩት ሁለቱ እናቶች ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ «ልጄ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብላ ብትጠይቅ መኮንኑ ከኪሱ የአንገት መታወቂያ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት፤ በጥቁር ገመድ የተንጠለጠለች፣ ስምና ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ብረት። «አንገቱ ላይ ነው ያገኘነው» አላት። ስሙ የልጇ ነበር። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ በነጭ ክር ተቀጥሏል፤ ስፌቱን ስታየው አንድ ወደፊት ሄዶ ግማሽ ወደኋላ የሚመለሰው፣ ራሷ ያስተማረችው ስፌት ነው። የእጁን ሥራ አውቃ አለቀሰች። ያን ቀጭን አንገት ይዞ ገመዱን ምን አስረዘመው ብላ ትንሽ ግራ ገብቷት ነበር፤ ግን በዚያ ቀን ስለ ገመድ ርዝመት የሚጨነቅ ማን አለ? ደግሞ መርዘሙ ለእሷ በጃት። በራሷ ላይ አልፎ አንገቷ ውስጥ ገባ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ወጥቶ አያውቅም። ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ደግሞ እስከ መቃብሩ ሁለቴ አረፉ። «የወታደር ስንቅ አወፍሮት የለ» አለ ከመካከላቸው አንዱ፣ ሊያጽናናት ብሎ።

እንግዲህ አሥር አለቃው ፎቶውን አይቶ መርፌን ሲያውቀው ሴትዮዋ የምትሆነውን አጣች።

«እንዴት አላውቀው እማማ? አንድ ምሽግ ነበርን» አላት። «ነፍሱን ይማረውና ስለሱና ስለ ሊጡ አንድ ጨዋታ አለኝ። ልንገርዎት?»

«አይ፣ አሁን አትንገረኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የእሑድ ለት ተናገረው። ሰው ሁሉ ይስማልኝ። የሊጡ እናትም ትስማ። ግን ልጄ፣ የሚያስቅ ነገር ይሁን። ልቅሶማ ጠግበናል።»

«የሚያስቅ ነው» አለ አሥር አለቃው፣ እጁን ዘርግቶ እያስለካ።

እሑድ ደረሰ። ሁለቱ እናቶች የፊተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የማይነካውን ቀሚሷን ለብሳለች። ልብስ ሰፊዋ ካፖርቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። የምስጋና ንግግሯን ማሽኗ ፊት ቆማ ስትለማመደው ሰንብታ በቃሏ ይዛዋለች።

አሥር አለቃው ሲናገር የሚያስተምር ነው የሚመስለው፤ ጣቱን እንደ ዘንግ ይቀስራል። ስለ ብርዱ ተናገረ፣ ስለ ውሃ ጥም ተናገረ፣ ሰው ጭጭ ብሎ አዳመጠው። ከዚያ ፊቱ ፈካ አለና ወደ ሁለቱ እናቶች ዞረ።

«እኛ ጋ አንድ ሥርዓት ነበረን» አለ። «አለቆች አያውቁትም፤ ቢያውቁ ኖሮ አልቆልን ነበር። ነገ ውጊያ አለ ሲባል፣ ማታውን ጥንድ ጥንድ ሆነን የአንገት መታወቂያችንን እንለዋወጣለን። የኔን አንተ፣ ያንተን እኔ። ለምን ብትሉ፣ ሞት ስም እየጠራ ነው የሚዞረው ብለን ነዋ። የኔን ስም ይዞ ሲመጣ ስሜ ያለው አንተ አንገት ላይ ነው። ያይሃል፣ ‹ኧረ ይሄ እሱ አይደለም› ይላል፣ ግራ ተጋብቶ ይሄዳል።»

አዳራሹ ሳቀ።

«ደግሞ አደራ አለ። የሰው ዕቃ አንገትህ ላይ አድርገህ መሞት ነውር ነው፤ ማስረከብ አለብህ። ስለዚህ የግድ ትመለሳለህ። እንዲህ ነበር ሒሳባችን። አትፍረዱብን፣ ልጆች ነበርን።»

ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። እስከዚህ ድረስ ሳቀች።

«መርፌና ሊጡ ጥንድ ነበሩ፤ ሌላ ማን ሊሆን? የመጨረሻዋ ማታ አጠገባቸው ነበርኩ። መርፌ የራሱን አወለቀና ለሊጡ አጠለቀለት። አጠለቀለት ስላችሁ፣ ሞከረ ማለቴ ነው። የመርፌ ገመድ ለመርፌ ተለክቶ የተቆረጠ ነው። የሊጡ ራስ ደግሞ፣ እናቱ እዚህ ስላሉ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲሁ የዋዛ ራስ አልነበረም። ገመዱ ጆሮው ላይ ቀረ። ቢጎትቱት አይወርድ፣ ቢገፉት አይወጣ። ሊጡ ‹ጠላት እያለ በጓደኛዬ ገመድ ልሞት ነው› እያለ ይጮሃል።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጭኗን እየመታች፣ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

«መርፌ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከኪሱ መርፌና ክር አወጣ። እኔ ባትሪ አበራሁለት። ገመዱን ቆረጠና ሌላ ቁራጭ ጨምሮ በነጭ ክር ቀጠለው። ከዚያ በሊጡ ራስ ላይ ሹልክ አለ፣ አንገቱ ገባ! መርፌ ስፌቱን አየት አደረገና ‹እናቴ ብታየው ጠማማ ነው ብላ ታስፈታኝ ነበር› አለ።»

አዳራሹ እንዲያ ስቆ አያውቅም። አሥር አለቃው ራሱ ሳቁ እስኪያልፍለት ጠበቀ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጠዋት ገና ከምሽግ ሳንወጣ እግሬን ተመታሁ፣ ወደኋላ ወሰዱኝ። መርፌ እንዳረፈ፣ ሊጡ እንደጠፋ የሰማሁት ሆስፒታል ተኝቼ ነው። እኔ ግን ሳስታውሳቸው ሁሌ በዚያች ማታ ነው። ሲስቁ ነው የማየው።»

ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ አልተነሣችም። እጇ ከማጅራቷ ሥር ገብቶ ገመዱን ያዘ። ጣቷ ነጩን ክር ፈልጎ አገኘው። ስፌቱ በእርግጥ ጠማማ ነበር፤ ስንት ዓመት ስትዳስሰው ኖራ፣ እንዲህ ጠማማ የሆነው በባትሪ ብርሃን ስለተሰፋ መሆኑን አሁን ነው ያወቀችው።

ይህን ገመድ ያጠለቀው ሊጡ ነው። ገመዱ የወጣው ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ሰው አንገት ላይ ነው።

ጭብጨባው ራቀባት፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚሰማ መሰላት። እዚያ መቃብር ውስጥ የተኛው ሊጡ ነው። የሊጡን ስም አንገቱ ላይ አድርጎ የጠፋው የሷ ልጅ ነው። መርፌ አልሞተም። ወይም መሞቱን ያየ የለም።

ደስ አላት። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ የመጀመሪያው ስሜቷ ደስታ ነበር፤ ደረቷን ሊቀደው የደረሰ ደስታ። ከዚያ ዞር ስትል አጠገቧ ቆማ የምታጨበጭበውን፣ በሳቅ እንባ ፊቷ የራሰውን ጓደኛዋን አየች። በምን እንደተደሰተች ያኔ ገባት። በራሷ ደነገጠች፤ በሰማችው ነገር ከደነገጠችው ይልቅ በዚህኛው ደነገጠች።

«ተነሺ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው የሚጠሩት» አለቻት ዳቦ ጋጋሪዋ፣ በክርኗ እየጎሸመቻት።

እንዴት ወደ መድረኩ እንደወጣች አታውቅም። ካፖርቱን ዘረጋችው። አሥር አለቃው ቀኝ እጁን አስገባ፣ ግራውን አስገባ። ትከሻው ላይ ልክክ አለ። ጎንበስ ብሎ፣ ማይክራፎኑ እንዳይሰማ፣ «እማማ፣ ደስ አለዎት? ጥሩ አወራሁላቸው?» አላት። ዓይኑ የልጅ ዓይን ነበር።

«ጥሩ አወራህ ልጄ» አለችው።

ማይክራፎኑ ፊት ስትቆም ያ ሁሉ የተለማመደችው ንግግር ከአፏ ጠፋ። «እናመሰግናለን» አለች። እንደገና «እናመሰግናለን» አለች። ከዚያ በላይ አልወጣላትም። ሰው ሆድ ብሷት ነው ብሎ እንደገና ተነሥቶ አጨበጨበላት፤ ዳቦ ጋጋሪዋም ከሁሉ በላይ።

ውጭ ሲወጡ አሥር አለቃውን ሰው ከቦታል። አንዱ እጁን ይጨብጠዋል፣ አንዱ ልጁን አቅፎ ያስስመዋል፣ አንዲት ሴትዮ የካፖርቱን እጅጌ እየዳበሰች ታመሰግነዋለች፤ እሱን ይሁን ካፖርቱን የሰፋችውን አይታወቅም። ዳቦ ጋጋሪዋ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ይዛ ከግርግሩ አወጣቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? እኔ ቤት ሲሆን ወሬሽን የሚያቆመው የለም፤ መድረክ ላይ ምላስሽ ተሳሰረ» አለቻት።

«ደክሞኝ ነው።»

«እንግዲያው ቀስ ብለን እንሂድ። በመቃብሩ በኩል እንለፍ። ይሄን ጨዋታ ለመርፌ ልነግረው ነው።»

ጎን ለጎን ሄዱ። ዝም ብልስ? አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ። ዝም ብል ማን ያውቃል? አሥር አለቃው መርፌ መሞቱን እንጂ በምን እንደታወቀ አያውቅም። ሕዝቡ ስቆ ወደ ቤቱ ገብቷል። እሷ አምፖሏን እያበራች ትኑር፣ እኔም በሆዴ ልጄን ልጠብቅ፤ ሁለታችንም የምንጠብቀው ቢኖረን ማንን ይጎዳል? ይህን ስታስብ ልቧ ትንሽ አረፈላት። ጓደኛዋ ግን እየሄደች ታወራለች፣ «ራሱ ትልቅ ነበር እኮ፣ ስወልደውም ያሠቃየኝ ራሱ ነው» ትላለች፣ ትስቃለች።

መቃብሩ ጋ ደረሱ። ዳቦ ጋጋሪዋ እንደ ልማዷ ከቧንቧው በፕላስቲክ ጆግ ውሃ ቀድታ መጣች፣ ከቦርሳዋ ጨርቅ አወጣች፣ ተንበርክካ ድንጋዩን መወልወል ጀመረች።

«መርፌዬ፣ ዛሬ ስፌትህን አሙልህ» አለች ለድንጋዩ። «ጠማማ ነው አሉ። እናትህ እዚህ ቆማለች፣ ጠይቃት።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ልትችለው አልቻለችም። የዳቦ ጋጋሪዋ የራሷ ልጅ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። አጠገቡ ተንበርክካ፣ ላዩን እየወለወለች፣ በሰው ስም ትጠራዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ስም ስትጠራው ኖራለች። እሷ ዝም ካለች ደግሞ እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ስትጠራው ልትኖር ነው።

ገመዱን ከአንገቷ አወለቀችው። ፀጉሯ ውስጥ ተጠምጥሞ አልወጣ ሲላት ጎትታ አወጣችው። ከዚያ ከኋላ መጥታ በዳቦ ጋጋሪዋ ራስ ላይ አጠለቀችላት። ገመዱ ያለ ችግር አለፈ።

«ይሄ ያንቺ ነው፣ እህቴ» አለቻት።

ዳቦ ጋጋሪዋ መወልወሏን አቆመች። ምንድን ነው አላለችም። ዞራም አላየቻትም። እጇን ወደ አንገቷ ላከች፣ ጣቷ በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ነጩ ክር ላይ ቆመ።

«አውቄያለሁ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ዞራ ፊቷን አየች። «መቼ?»

«‹በነጭ ክር ቀጠለው› ሲል።»

«ስትስቂ ነበር እኮ! እዚህ ድረስ ስትስቂ ነው የመጣሽው።»

«ሳቄን ባቆም ይሞትብኛል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «እዚህ እስክደርስ እንኳ በሕይወት ይቆይልኝ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወገቧንም ረስታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ እንዳትል ያጠፋችው ነገር የለም፤ እንዳታጽናናት ደግሞ ያ የመጀመሪያው ደስታ አፏን ይዟታል። እጇን ብቻ ያዘቻት። እጇ ከጨርቁ ውሃ የተነሣ ቀዝቅዟል።

«ሳጥኑ ከብዷቸው ነበር» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ሁለቴ አሳረፉት፤ እኔ ደግሞ ፍጠኑ እንጂ ብዬ ተቆጣኋቸው። ልጄ ነው እኮ የከበዳቸው።» ጆጉን አነሣች፣ የቀረውን ውሃ አበባው ላይ አፈሰሰችው፣ ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ሊጡ» አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይነሣል ይወድቃል።

ሲመለሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ አሥር አለቃውን ከመንገዱ ማዶ አዩት፤ አዲሱን ካፖርት ለብሶ እያነከሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች ተነሥተው ሰላምታ ሰጡት። እሱም ሁለቱን ሴቶች አይቶ እጁን ከፍ አደረገላቸው። እነሱም አደረጉ።

«ለሱ እንዳትነግሪው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እጇን ሳታወርድ። «ስጦታ ይዞልን ነው የመጣው።»

በሯ ላይ ሲደርሱ አምፖሉ በርቶ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀና ብላ አየችው፣ ከውስጥ ወንበር አውጥታ ከሥሩ አቆመችው።

«ወንበሩ ላይ ውጪና ንቀይው» አለች።

«ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ነው አይደል? አጥፊው፣ ይበቃል።»

«ማጥፋት ሳይሆን ውሰጂው ነው የምልሽ። የኔ ልጅ ገብቷል። ያልገባው ያንቺ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ወጣች። ዳቦ ጋጋሪዋ እንዳትወድቅ እግሮቿን ያዘችላት። አምፖሉ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ስለዋለ በእጅ አይነካም፤ ከኪሷ ከካፖርቱ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ጠቀለለችው፣ ቀስ አድርጋ አዞረችው። በረንዳው ጨለመ። ሙቀቱ በጨርቁ አልፎ መዳፏን እያቃጠላት፣ ሳትለቀው ወደ ራሷ በር ሄደች።